የአቶ ዓባይነህ ሣር

"ጤፍ ከየት ይመጣል?" ብላ መምህርቷ ድንቅቱ የጠየቀች ቀን ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። ራቢአ ግን መች ተጠርታ ትናገራለች! ከመርካቶ የመጣች፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ ናት። ብድግ ብላ፣ "ከወፍጮ ቤት ነዋ!" አለች። አንድም የሳቀ የለም። ልጆቹ ሁሉ ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ድንቅቱ ክው አለች። እሷ የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ናት። እነዚህ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተሰብስበው ሰበታ ማሳደጊያ የገቡ፣ ወላጅ የሌላቸው ልጆች ናቸው። ነገ አድገው ከዚህ ግቢ ሲወጡ ዘመድ የላቸው፣ ርስት የላቸው። እንግዲያው እጃቸው እንኳ እህል ማብቀል ይወቅ ብላ ቆረጠች። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለውን ጠፍ መሬት እንዲሰጧት ዳይሬክተሩን አቶ ዓባይነህን ጧት ማታ ነዘነዘቻቸው።

"እሺ፣ ውሰጂው!" አሉ መጨረሻ ላይ ታክቷቸው። "ዘንድሮ ካልበቀለ ግን የሰልፍ ሜዳ አደርገዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ማሳ የሚባል ነገር እንዳልሰማ!"

እውነቱን እንነጋገር፣ አቶ ዓባይነህ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን የአራት ኪሎ ልጅ ናቸው፤ ጭቃ ያዩ እንደሆነ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው የሚዞሩ። ነፍሳቸው ያለችው ሰልፍ ላይ ነው። ሐምሌ አሥራ ስድስት፣ በጃንሆይ ልደት ቀን፣ ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል፤ ልጆቹ ደረታቸውን ነፍተው እፊቱ ካላለፉ አቶ ዓባይነህ እንቅልፍ የላቸውም።

ልጆቹ ቆፈሩ፣ ጓል ከሰከሱ፣ እጃቸው ውሃ ቋጠረ። ራቢአ "እኛ ገበሬ ነን እንዴ?" እያለች ታጉረመርማለች፤ ዶማዋን ግን ለሌላ አታስነካም። ክረምቱ ገባ፣ መሬቱ ራሰ። የቀረው ማስረገጥ ብቻ ነበር። ጤፍ ደቃቅ ነው፤ አፈሩ ከላላ ሰምጦ ይቀራል። ለዚህ ነው ገበሬ ከመዝራቱ በፊት እርጥቡን ማሳ በከብት የሚያስረግጠው። ድንቅቱም የማሳደጊያውን ጎረቤት፣ ገበሬውን ኦቦ ደቻሳን ከብቶቻቸውን ለአንድ ጠዋት እንዲያውሷት ለምናለች።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ ደቻሳ?" ብላ በቋንቋቸው እየተሳለመች የግቢውን በር ስትከፍትላቸው ከብቶቹ ደጃፉ ላይ ደርሰው ነበር። ወዲያው አቶ ዓባይነህ እየሮጡ መጡ።

"ምን? ከብት? እዚህ ግቢ? ድንጋዩን ሁሉ ኖራ አስቀብቼ!"

"ለአንድ ጠዋት ነው፣ ጌታዬ። እበቱን እኔ ራሴ እጠርጋለሁ።"

"አንድ ቀንድ እንዳይገባ ብያለሁ!"

ኦቦ ደቻሳ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን አዩ። "አይዞሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" አሉና ከብቶቻቸውን መለሱ።

የመዝሪያው ጊዜ እያለፈ ነው፤ ዛሬ ያልተረገጠ ማሳ ነገ አይዘራም። ድንቅቱ እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች ፊት ለፊት ልጆቹ ሰልፍ ሲለማመዱ ሰማች። ግራ፣ ቀኝ! ግራ፣ ቀኝ! ሜዳው ሣር የሚባል አልቀረለትም፤ ተረግጦ ተረግጦ ተደልድሏል። እግራቸውን አየችው። ከዚያ አቶ ዓባይነህን ተከትላ ሮጠች።

"ጌታዬ፣ ይህ ሜዳ ይረፍ። ልምምዱን ማሳው ላይ ላድርገው?"

"ይኸውልሽ! አሁን ገባሽ!" አሉ፣ ከጤፉ ተስፋ የቆረጠች መስሏቸው። "እንዲያውም በዓሉም እዚያው ይሁን!" በደስታ ከበሮና ባንዲራ ሊያመጡ አዲስ አበባ ሄዱ።

ራቢአ ማሳው ዳር ስትደርስ እንባዋ መጣ። "ማሳውን ሰጧቸው አይደል፣ እትዬ? ያን ሁሉ ቆፍረን!"

"ጫማሽን አውልቂና ግንባር ቀደም ሁኚ" አለቻት ድንቅቱ። "ዛሬ ከብቶቹ እኛው ነን።"

ወይ ያን ቀን! እየዘመሩ ረገጡት፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ወጣ። አንዱ "እምቧ!" ሲል ሰልፉ በሳቅ ይፈርሳል፣ ድንቅቱ ደግሞ መልሳ ታሰልፋቸዋለች። መሬቱ ተጠቅጥቆ ሲደለደል በየእጃቸው ጤፍ ሰፈረችላቸው፤ እንዴት እንደሚበተንም አሳየቻቸው።

"አፈር አናለብሰውም?" አለች ራቢአ።

"አናለብሰውም። ዝናቡ ይበቃዋል።"

ልጅቱ ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ማሳው ዳር ተንበርክካ ትገኝ ጀመር።

አቶ ዓባይነህ ለበዓሉ ሲሯሯጡ ሁለት ሳምንት ቆይተው በዋዜማው ተመለሱ። ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃቸው። "ኧረ ሣሩ!" አሉ እጃቸውን እያጨበጨቡ። "ለሰልፍ እንዲህ ያማረ ሣር!"

"ጌታዬ፣ ሣር አይደለም—"

"ምንም ይሁን ምን! አረንጓዴ ነው አይደል? ነገ መሃሉን ሰንጥቀው ያልፋሉ!" ብለው ወንበር ሊያስደረድሩ ሄዱ።

ድንቅቱ ያን ቀን እህል አልወርድ አላት። ነገ ሰልፉ ፊት ሄጄ እቆማለሁ፣ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ አለች በልቧ።

በማግስቱ እንግዳው ተቀመጡ፣ ከበሮው ተመታ። ራቢአ ባንዲራ ይዛ ከፊት ናት። "ወደፊት ሂድ!" ብለው አቶ ዓባይነህ አንባረቁ። ድንቅቱ ልትሮጥ እግሯን ስታነሳ፣ ራቢአ ማሳው ጫፍ ደርሳ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ሰልፉ በሙሉ ተከትሏት ታጠፈ፤ በጠባቡ ዳር፣ አንድ በአንድ፣ እግራቸውን እየቆጠቡ። ድንቅቱ ባለችበት ቀረች።

"አንቺ! ወዴት ነው? መሃሉን! ሣሩ ላይ!"

ራቢአ እርምጃዋን ሳታቋርጥ መለሰች፦ "ጤፋችን ነው፣ ጌታዬ! አይረገጥም!"

ከበሮው ቆመ። እንግዳው ከወንበራቸው ተነስተው ማሳው ዳር ሄዱና ጎንበስ አሉ። "እውነቷን ነው፣ ጤፍ ነው እኮ!" አሉ። "ማን ዘራው?"

"እኛ!" አሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ።

"እንግዲህ ለአጨዳው ሳትጠሩኝ እንዳትቀሩ።"

አቶ ዓባይነህ ላብ በላብ ሆነው እንግዳው ዘንድ ለመድረስ ማሳውን ሊያቋርጡ አንድ እግራቸውን አነሱ። ራቢአ የባንዲራውን ዘንግ እፊታቸው ዘረጋች።

"በዳር በኩል፣ ጌታዬ።"

አቶ ዓባይነህ ድንቅቱን አዩ፣ ልጅቱን አዩ። ከዚያ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው በጭቃው ዳር ዞሩ።