የጓሮው አፈር

አናጢው ያንን ቤት የወደደው በጓሮው ነው። ቤቱ ራሱ ሁለት ጠባብ ክፍል ነበር፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ የኩሽናው በር በትከሻ ካልገፉት አይዘጋም። ከኋላ ግን አሥራ ሁለት እርምጃ በዘጠኝ የሚሆን ባዶ መሬት ነበረው። ሣር የሚባል ነገር አልበቀለበትም። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አየችውና፣ "ይሄ ምኑ ይወደዳል?" አለችው።

"አንድ ዓመት ብቻ ታገሺኝ። አትክልቱ ከዚሁ፣ እንቁላሉ ከዚሁ፣ ጥላውም ከዚሁ ይሆናል። ልጃችን ጎዳና ላይ መኪና እየሸሸች አታድግም።"

ልጅቷ ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነው። ስምንት ዓመት ተጠብቃ የመጣች አንድዬ ናት። ከተነሳች እስክትተኛ አፏ ስለማይዘጋ ሰፈሩ "ሬዲዮ" ይላታል።

አናጢው ያለውን አላስቀረም። ከወርክሾፕ ሲወጣና በዕረፍት ቀኑ ይቆፍራል። ከጣሪያው አሸንዳ አውርዶ የዝናቡን ውሃ ወደ ሁለት በርሜል መራ። የኩሽና ጥራጊ የሚበሰብስበት ጉድጓድ አበጀ። በቁርጥራጭ ጣውላ የዶሮ ቤትና ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ ሠራ። ሲቆፍር አመድ የመሰለ አፈርና ብዙ ጥቁር የፕላስቲክ ስብርባሪ ያገኝ ነበር። የተሰበረ ባልዲ መስሎት ለቅሞ፣ ውሃ እንዲያጣራለት ከጎመኑ መደብ ሥር አነጠፈው።

በአጥሩ ማዶ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ይኖራሉ፤ ሁሉም "ጋሼ ሾፌር" ይሏቸዋል። አገጫቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ሲሠራ ያዩታል።

"እጅህ ይባረክ! እዚህ መሬት ላይ እኮ አረም እንኳ በቅሎ አያውቅም" አሉት አንድ ቀን። በማግስቱ ሁለት የፓፓያ ችግኝ ይዘውለት መጡ።

በሁለተኛው ክረምት ጓሮው ሌላ ሆነ። ጎመኑ ጉልበት ደረሰ፣ ካሮቱ ወፈረ፣ ዶሮዎቹ እንቁላል ጣሉ። ምሳቸውን እዚያው መብላት ጀመሩ። ሬዲዮ ከፓፓያው ሥር የራሷ ቦታ ነበራት፤ አፈር በውሃ እያቦካች "ኬክ" ትጋግርና ለዶሮዎቹ ትሸጣለች። ጣቷንም ትልሳለች።

"እጅሽን! ኧረ ይቺን ልጅ አንድ በላት!" ትላለች እናት ከስፌቷ ሳትነሳ።

"ተያት። አፈር ልጅ አይገድልም" ይላል አባት።

መጀመሪያ ሆዷን አመማት። ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ የትል መድኃኒት ተሰጣት። ቆየት ብሎ ፊቷ ገረጣ፣ ደም አንሷታል ተባለ። እናትየው ጎመን ለደም ጥሩ ነው ሲባል ሰምታ በጠዋትም በማታም እያባበለች ታጎርሳት ጀመር። ሁለት ዶሮዎች በተከታታይ ሞቱ። በሽታ ገብቶባቸው ነው ተብሎ ተተዉ።

ከዚያ ወሬዋ ቀነሰ። የጀመረችውን ሳትጨርስ ታቆማለች፤ ቃሉን ፈልጋ ስታጣው ታለቅሳለች፣ ያገኘችውን ትወረውራለች።

"ሬዲዮ፣ ምነው ባትሪ ጨረስሽ?" ብለው ጋሼ ሾፌር ቀለዱባት። አልሳቀችም።

አንድ ረፋድ ላይ እናትየው የዶሮዎቹን ጩኸት ሰምታ ስትወጣ፣ ልጇ የዶሮ ቤቱ በር ላይ ወድቃ እጅና እግሯ ሲንፈራገጥ አገኘቻት።

ሆስፒታል ከገቡ በሦስተኛው ቀን ዶክተሯ ወረቀት ይዛ መጣች። "ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል። በጣም ብዙ።"

"እርሳስ?" አለች እናት። "ዶክተር፣ ገና ትምህርት ቤት እንኳ አልገባችም። ቤታችን እርሳስ የለም።"

"የሚጻፍበትን አይደለም እናቴ። ብረቱን ነው፤ መኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን። ባትሪ የሚነካ ሰው ቤታችሁ አለ?"

"የለም።"

"የት ነው የምትጫወተው?"

ባልና ሚስት ተያዩ። "ጓሮ ውስጥ፣ አፈሩ ላይ" አለ አናጢው።

ዶክተሯ እርሳሱን ከደሟ የሚያወጣ መድኃኒት እንደሚሰጧት ነገረቻቸው። "ጭንቅላቷን የነካው ግን ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ አልዋሻችሁም። ወደዚያ አፈር ደግሞ እንዳትመለስ።"

"እኔ ነኝ ያጎረስኳት" አለች እናት ዶክተሯ ስትወጣ። "እንቢ ስትል አፏን ይዤ።"

"እኔ ነኝ ተያት ያልኩት" አለ እሱ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ጉዳዩን አላነሱትም። ያላነሱትም ተቆጥተው አይደለም። አንዱ ሌላውን ላጽናና ቢል የራሱን ጸጸት እንዳይጨምርበት ፈርተው ነው።

አናጢው ቤት ተመልሶ የጎመኑን መደብ ገለበጠ። ከጥቁሩ ስብርባሪ አንዱን ይዞ የጋሼ ሾፌርን በር ደበደበ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

ሽማግሌው ሲያዩት አንገታቸውን ደፉ። "የባትሪ ቀፎ ነው።"

"ማን ጣለው?"

"ከእናንተ በፊት የነበረው። ባትሪ ሰባሪው ነበር የምንለው። አሮጌ ባትሪ እየፈለጠ እርሳሱን ያቀልጣል። አሲዱን እዚያው መሬቱ ላይ ነበር የሚደፋው።"

"ታውቅ ነበር።" አናጢው እሳቸውን "አንተ" ሲል ያ የመጀመሪያው ነው። "እጅህ ይባረክ ስትለኝ ታውቅ ነበር!"

"ሲያበቅል ሳየው መሬቱ ዳነ አልኩ። በልጆቼ ሞት፣ ሰው ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። ከጎመኑ እኔም በልቻለሁ እኮ።"

"ልጄ ስሟን መጥራት አቅቷታል" አለና ስብርባሪውን እግራቸው ሥር ጥሎ ሄደ።

ጋሼ ሾፌር አንድ ወር ያህል ከቤታቸው አልወጡም። ከዚያ አንድ ጠዋት ወርክሾፑ ድረስ መጡ። አልተቀመጡም።

"ሰውዬው የት እንዳለ አጣርቻለሁ። ከተማው ዳር ነው፤ ዛሬም እዚያው ሥራ ላይ ነው። ልጆች አሉት አሉ። ብቻዬን ብሄድ ማን ይሰማኛል?"

አናጢው መጋዙን አስቀምጦ ተነሳ። ሰውዬውን ሊመታው አስቦ እንደሄደ ኋላ ለሚስቱ ነግሯታል።

ባትሪ ሰባሪው በቆርቆሮ አጥር ውስጥ መዶሻ ይዞ ተቀምጧል። ከሲታ ነው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ከኋላው ሁለት ሴቶች ልጆች ባዶ ቀፎ እየደረደሩ ቤት ይሠራሉ። አናጢው ልጆቹን አየ።

"ትልቋ ስንት ዓመቷ ነው?" አለው።

"ዘጠኝ። ምን ፈልጋችሁ ነው?"

"ትናገራለች?"

ሰውዬው ወደ ልጁ ዞሮ አየ። "ዝምተኛ ናት። በኔ ወጥታ ነው።"

አናጢው ሁሉንም ነገረው። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ሰማ። አልካደም፣ ይቅርታም አላለም። መዶሻውን ግን መሬት ላይ አኑሮ ልጆቹን ከዚያ እንዲነሱ ጠራቸው። ታናሺቱ ሮጣ መጣች። ትልቋ ሦስቴ እስክትጠራ አልሰማችም።

በማግስቱ አናጢው ራሱ ወደዚያው ሆስፒታል ወሰዳቸው። የሁለቱም ደም ከሬዲዮ የባሰ ነበር። ጤና ቢሮ ግቢውን ዘጋው፤ ሰውዬው ሥራ ፈት ሆነ። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሱ የሰማ የለም።

የአናጢው ጓሮ እስከ ጉልበት ተቆፈረ። ፓፓያዎቹን ራሱ ቆረጣቸው። አፈሩን የሚቀበል ቦታ እስኪገኝ በሸራ ተሸፍኖ ደጅ ላይ ሁለት ሳምንት ቆየ፤ ጎረቤት ልጁን እየጎተተ በሩቁ ያልፋል። ጉድጓዱ ተሞልቶ በላዩ ሲሚንቶ ፈሰሰበት።

ሬዲዮ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። የሚጥላት ነገር ቆሟል። ትምህርት ቤት በዓመት ዘግይታ ገባች፤ አስተማሪዋ ከፊት ታስቀምጣታለች። ከትምህርት መልስ ከእናቷ የስፌት መኪና አጠገብ ሆና የልብስ ቁልፎችን በየቀለማቸው ትለያለች፤ እዚያ ላይ የሚስተካከላት የለም። ሰፈሩ ያንን ቅጽል ስም ትቶታል፤ ማንም ተዉ ሳይላቸው።

ቃል ሲጠፋባት ጭንቅላቷን በቡጢ ትመታለች። ያን ጊዜ አባቷ የያዘውን ጥሎ ሁለት እጇን ይይዛታል። ትታገለዋለች፣ ትነክሰዋለች። እስኪያልፍላት ድረስ አይለቃትም።