ሦስት ቀን ባሕር፣ ሦስት ቀን ጨዋታ

ይማርሽ ከዱባይ ደውላ «ሐምሌ ላይ ሁላችሁንም እዚህ አመጣችኋለሁ» ያለች ዕለት፣ እኅቷ ወለተ ሐና የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ስለነበር ቤተሰቡ በሙሉ ሰማ። ይማርሽ በወጥ ቤት የምትሠራበት ሆቴል የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ ብሎ ሸልሟታል። ሽልማቱም ለቤተሰቧ የአውሮፕላን ትኬትና የአንድ ሳምንት ማረፊያ ነው። ዕቅዱን እንኳ ብቻዋን አውጥታ ጨርሳለች፤ ሦስት ቀን በትልልቆቹ መጫወቻ ፓርኮች፣ ሦስት ቀን ደግሞ ባሕር ላይ ዓሣ ማጥመድ። ጀልባው አያሳስብም፤ አብራት የምትሠራው የከሚሴዋ ሀፊዛ ባሏ መሐመድኑር የዓሣ ጀልባ ላይ ነው የተቀጠረው።

የወለተ ሐና ባል ደርበው ሃያ ዓመት ሙሉ ላሊበላ ላይ እንግዳ ሲያስጎበኝ የኖረ ሰው ነው። ስንቱን ፈረንጅ ከዋሻ ወደ ዋሻ እየመራ፣ አሸተን ማርያም ድረስ እያወጣና እያወረደ ጫማ ጨርሷል። እሱ ራሱ ግን ከአዲስ አበባ አልፎ አያውቅም። ሳቅ አለና «እስኪ እኔንም ደግሞ ሰው ይምራኝ» አለ። የሰባት ዓመቷ ልጃቸው ፋና ከወንበሯ ዘላ ወረደች። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ማኅሌት ብቻ ረጋ ብላ ጠጋ አለችና፣ ዓሣው የሚያዘው በመረብ ነው ወይስ በመንጠቆ ብላ ጠየቀች።

«አንቺ በወደድሽው» አለቻት ይማርሽ። ቀጥላም የሚያስፈልገውን ወረቀት ዘረዘረች። ለሁሉም ፓስፖርትና ፎቶ፣ ለልጆቹ ደግሞ የእናትና የአባት ስም ያለበት የልደት የምስክር ወረቀት። «በተለይ የማኅሌትን ቶሎ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ እትዬ» አለች።

ወለተ ሐና እሺ አለች። ከዚያም ቀይ እስክሪብቶዋን አነሣችና አርማ የጨረሰችውን ደብተር እንደ ገና ማረም ጀመረች።

ማኅሌትን የወለደቻት ይማርሽ ናት። አባቷ ገና ሳትወለድ ነበር ዱካው የጠፋው። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ይማርሽ ለታላቅ እኅቷ ትታት ሄደች፤ ደርበውም ስሙን ሰጥቶ እንደ ልጁ አሳደጋት። ይህ ከማንም አልተደበቀም። ማኅሌት ወለተ ሐናን «እማዬ» ትላለች፣ ይማርሽን ደግሞ «ይሙ»፤ ማን እንደወለደቻትም ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ታውቃለች።

የተደበቀው ሌላ ነገር ነው። ማኅሌት አንደኛ ክፍል ስትገባ የልደት ወረቀት ተጠየቀች። ያን ጊዜ ይማርሽ ገና በሰው ቤት ተቀጥራ ነበር፤ አሠሪዋ ስልኳን ነጥቃባት አምስት ወር ድምፅዋ ጠፍቷል። ትኑር ትሙት የሚያውቅ አልነበረም። ጸሐፊው ቀና ሳይል «የእናት ስም?» ሲል፣ ማኅሌት የወለተ ሐናን ጣት ይዛ አጠገቧ ቆማ ነበር። ወለተ ሐና የራሷን ስም ሰጠች። ማንም አላስገደዳትም። ስለ አሳዳጊ የሚሞላ ሌላ ቅጽ ይኖር እንደሆነም አልጠየቀችም። አፏ ላይ የመጣው ስም እሱ ነበር፣ ተጽፎ ስታየውም ደስ አላት። ስድስት ዓመት ሙሉ የሚከነክናት ውሸቱ ብቻ ሳይሆን ያ ደስታ ጭምር ነው።

ከዚያ የስልክ ዕለት ጀምሮ ቤቱ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ደርበው የከተማውን የቱሪስት ካርታ ገልብጦ በጀርባው የጉዞውን ፕሮግራም ነደፈ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ አምስት ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ አንድ ይገባል። በመካከሉ ያለችውን ሳምንት መርጦ ከሐምሌ አሥራ ሁለት እስከ አሥራ ዘጠኝ ብሎ አሠመረባት። ፋና ሽቅብ ቁልቁል በሚበረው ባቡር ለመሳፈር ቁመቷ አንድ ሜትር ከሃያ መሆን እንዳለበት ከሰማች ወዲህ በየማለዳው የበሩ መቃን ላይ ተለጥፋ ትለካለች፤ አራት ጣት ያህል ይጎድላታል። ማኅሌት ከስልክ ላይ የመንጠቆ አስተሳሰር እያየች፣ የወለተ ሐናን የልብስ ስፌት ክር በፀጉር መርፌ ላይ ስትቋጥርና ስትፈታ ትውላለች። ባሕር አይታ የማታውቅ ልጅ ስድስት ዓይነት ቋጠሮ ቻለች።

ወለተ ሐናን ግን መሬት አልበቃት አለ። የተጠረገ ግቢ ትጠርጋለች፣ የታጠፈ ልብስ ፈትታ ታጥፋለች፣ ክፍል ውስጥ እያስተማረች መሐል ላይ ትጠፋና ተማሪዎቿ ያስታውሷታል። ፓስፖርት ሊያወጡ ደሴ ሲወርዱ የፎቶ ቅጂውን በቦርሳዋ ይዛ አሥሬ እየከፈተች አየችው፤ የእናት ስም፣ ወለተ ሐና። ይማርሽ ሦስት ጊዜ ጠየቀቻት። አንድ ጊዜ ኔትወርክ የለም አለች፣ አንድ ጊዜ ስልኬ ፎቶ አላነሣ አለ አለች፤ በሦስተኛው ነገ እልካለሁ አለች።

ደርበው ነገሩን ያውቃል፤ ወረቀቱ ላይ እሱም ፈርሟል። «ዝም ብለሽ ላኪው። ይህን ሁሉ ወረቀት ማን ቁጭ ብሎ ያነበዋል?» አላት።

«እሷ ታነበዋለች» አለች ወለተ ሐና።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው ብላ አሰበች። ሌላም ፍርሃት ነበራት፤ ያንን ለደርበውም አልነገረችውም። ልጅቷ ባሕሩን፣ ፓርኩን፣ የእናቷን ቤት አይታ አልመለስም ብትልስ? ወረቀቱ ቢስተካከል ደግሞ አልመልሳትም የማለት መብቱ የይማርሽ ይሆናል። አንዳንድ ቀን ጉዞው በሆነ ምክንያት እንዲቀር ትመኝና፣ ፋና በር ላይ ስትለካ ስታይ በሐሳቧ ታፍራለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ አሸተን ማርያም ወጣች። የነፍስ አባቷ አባ ቃለሕይወት እዚያ ናቸው። ስለ ጾሙ ለመጠየቅ ነው ብላ ነበር ከቤት የወጣችው፤ እውነትም መጀመሪያ የጠየቀቻቸው ስለ ዓሣ ነበር። አባም፣ ፍልሰታ ሳይገባ ተመለሱ፣ ከገባ ግን ዓሣ የለም ብለው መለሱላት። እሷ ግን አልተነሣችም። እሳቸውም አላጣደፏትም። በመጨረሻ ሁሉንም ነገረቻቸው።

አባ «ልጅቷ ማን እንደወለደቻት ታውቃለች?» አሏት።

«ታውቃለች፣ አባ።»

«ባልሽም ያውቃል። እግዚአብሔርም ያውቃል። እንግዲያ የማታውቀው የተበደለችው ብቻ ናት» አሉና፣ ሄደሽ ንገሪያት ብለው በመስቀል ባርከው ሰደዷት።

ቁልቁለቱን ግማሽ ስትወርድ ቆመች። ከተማው ከሥሯ ተዘርግቷል፤ ስልኩም ከፍታው ላይ ሆና ጥሩ ይሰማል። ቤት ከደረስኩ ዳግመኛ አልደፍርም አለችና እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ደወለች። ከይማርሽ ኋላ የድስትና የሳህን ድምፅ ይሰማል። ወለተ ሐና ሰበብ ሳትደረድር ነገረቻት። አምስት ወር ስለጠፋሽ ነው ማለት ትችል ነበር፤ አላለችም። «ማንም አላዘዘኝም። ስሜን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች።

  ይማርሽ «ሥራ ላይ ነኝ» አለችና ዘጋችው።

ያን ቀን አልደወለችም። በማግሥቱም፣ በሠልስቱም አልደወለችም። የደርበው ካርታ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ የሚነካው ጠፋ። ወለተ ሐና ስልኩን ኪሷ ከትታ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ግቢ ስትመላለስ ማኅሌት ተከትላት ወጣች። ምን ሆነሻል፣ ጉዞው ቀረ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ወለተ ሐና አስቀምጣ ነገረቻት።

ማኅሌት ክሩን በጣቷ እየጠመጠመች ሰማቻት። «አውቃለሁ እኮ። አምስተኛ ክፍል እያለሁ ወረቀቱን ትምህርት ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ብናገር አንዳችሁ የምትቀየሙ መሰለኝ» አለች ልጅቷ።

 ወለተ ሐና ሁለት እናቶች አሏት እያለች ስትኮራባት የኖረችው ልጅ፣ በሁለቱ መካከል ሸክም ተሸክማ መራመዷ እስከዚያ ሰዓት አልታያትም ነበር።

በአራተኛው ቀን ይማርሽ ደወለች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «የቪዛው ፎርም ላይ ዝምድና የሚል አለ። ወረቀቱ እናትየዋ አንቺ ነሽ ስለሚል፣ ራሴን አክስት ብዬ ሞላሁት» አለች።

 «ይቅር በይኝ፣ ይማርሽ።»

«እሱን ስትመጪ እናየዋለን። አሁን የፋናን የጫማ ቁጥር ንገሪኝ።» ይማርሽ ቁጥሩን ጻፈች። «ዕቅዱን ቀይሬዋለሁ፣ እትዬ። መጀመሪያዎቹን ሦስት ቀን ማኅሌት ከኔ ጋር ባሕር ትወጣለች፤ እኔና እሷ ብቻ። እናንተ ፋናን ይዛችሁ ፓርክ ትሄዳላችሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ላይ እንሆናለን።»

ወለተ ሐና ሦስት ቀን ምን ያህል እንደሆነ በልቧ ለካችው። አሥራ አንድ ዓመት ይዛታለችና ብዙ ነው ማለት አልቻለችም። እሺ አለች።

ሐምሌ አሥራ ሁለት ከላሊበላ ተነሡ። ዱባይ ሲደርሱ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ገረፋቸው። ይማርሽ ማኅሌትን አቅፋ ብዙ ቆየች፤ ወለተ ሐናን ደግሞ ሦስቴ ሳመቻትና ሻንጣዋን ተቀበለቻት። ስለ ወረቀቱ አንድም ቃል አልተናገሩም። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ መሐመድኑር መጥቶ እናትና ልጅን ወሰዳቸው።

ፓርኩ ጣሪያ ያለው፣ በውስጡ ብርድ የሚነፍስበት፣ ከተማ የሚያህል ቤት ነበር። ፋና ቁመቷ ያልደረሰበትን ባቡር ትታ በደረሰላት ሁሉ ተሳፈረች። ደርበው መሪ አያስፈልገኝም ብሎ ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ሁለት ጊዜም ዘበኛ እየመራ መለሰው፤ እሱም በዚህ ተደሰተ። ወለተ ሐና ፋናን አቅፋ በትልቅ ሰሐን መሳይ መንኮራኩር ላይ ስትሽከረከር፣ ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ እሷ ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ ትጥር ነበር። መስኮት እንኳ የለውም። በየሰዓቱ ስልኳን ታያለች፤ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ግን አይደውልም። ማኅሌት ከሰዓት በኋላ ስትመለስ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጦ፣ እጇ ጨው ጨው እያለ ነበር። ይዛቸው የመጣችው ወሬ አጭር ነው፤ ሁለት ዓሣ፣ አንድ ያመለጠ። ከይማርሽ ጋር ምን እንደተነጋገሩ አልነገረቻቸውም፤ ወለተ ሐናም ምላሷን ነክሳ አልጠየቀቻትም።

በሦስተኛው ቀን ወለተ ሐና አላስቻላትም። ደርበውና ፋናን ፓርክ ትታ ብቻዋን በአውቶቡስ ወደ ወደቡ ሄደች። ጀልባው ሲደርስ ማኅሌት ትልቅ ዓሣ በሁለት እጇ ታቅፋ ነበር። ይማርሽ ስትወርድ አየቻት፣ አልተቆጣችም። ልጅቷ ከመሐመድኑር ጋር ዓሣውን ለመመዘን ስትሄድ ሁለቱ እኅትማማቾች ጥላ ሥር ቆሙ።

«ዓሣ መንካት እፈራለሁ። መንጠቆውን የምትነቅልልኝ እሷ ናት» አለች ይማርሽ። ከዚያም ልጅቷን እዚህ ትቀሪያለሽ ወይ ብላ እንደጠየቀቻት ነገረቻት። ማኅሌት ትናንት ሙሉ ቀን አስባ ዛሬ መለሰችላት። ትምህርቴን እዚያው ልጨርስ፣ ክረምት ክረምት ደግሞ ካንቺ ጋር ልሁን አለች። «እኔም እሺ አልኳት። ለገና እመጣና ፍርድ ቤት አብረን ሄደን ወረቀቱን እናስተካክላለን። ስሜን እፈልገዋለሁ፣ እትዬ።»

«ያንቺ ነው» አለች ወለተ ሐና።

ይማርሽ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ሦስቱ አንድ ወንበር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ማኅሌት በመስኮቱ በኩል፣ ዓሣው በላስቲክ እግሯ ሥር። ሦስት ቀን በሌሊት የተነሣችው ይማርሽ ገና ከወደቡ ሳይርቁ አንቀላፋች፤ ጭንቅላቷም ቀስ እያለ መጥቶ የእኅቷ ትከሻ ላይ ዐረፈ። ዓሣ ዓሣ ትሸታለች። ወለተ ሐና ክንዷ ደንዝዞ፣ ልቧ አሁንም ወዲያ ወዲህ እያለ፣ እንዳትቀሰቅሳት ብላ እስከ ሆቴሉ ድረስ ሳትነቃነቅ ተቀመጠች።