መጋዝ የበላው

«እሺ» አለ አናጢው።

ምን እንደተባለ ግን አልሰማም። የሚስቱ ታላቅ ወንድም አጠገቡ ተቀምጦ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ብዙ ሲነግረው ቆይቷል። ከሚስቱ ቀብር ወዲህ አናጢው ለሁሉም እሺ ነው የሚለው። ብላ ሲሉት እሺ፣ ጋደም በል ሲሉት እሺ። ግን አይበላም፤ ጋደም ብሎም አይተኛም።

«እንግዲህ ተስማማን» አለ የሚስቱ ወንድም። የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት አይሆንለትም። «እኛ ጋ ትመጣለህ። ብቻህን ግድግዳ ስታይ አትውልም። ቤቱ ይዘጋል። የእህቴን ተማሪዎች አግዳሚ ወንበሮች ነገ ጠዋት ጭኜ ለአንዱ ትምህርት ቤት እሰጣለሁ። እህቴም ነፍሷ ደስ ይላታል።»

«እሺ።»

በሩ አጠገብ የተቀመጡት ለቀስተኞች ይንሾካሾካሉ።

«እንባ ጠብ አላለለትም እኮ።»

«የወንድ እንባ ወደ ውስጥ ነው የሚፈሰው።»

«ወደ ውስጥ የፈሰሰ ያሰጥማል፣ እቴ።»

አናጢው ይሰማል፤ የሚያወሩት ስለ ሌላ ሰው ይመስለዋል። እጁ ላይ ያለው ሻይ ቀዝቅዟል። አንድ ሰው ወስዶ ትኩስ ሰጠው። እሱም ቀዘቀዘ።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤት ወደ ለቀስተኞቹ ዞረች። «እትዬ ስንት እኔን ጉድ ሠርታኝ ነው የሄደች። ገበያ ስወጣ ልጄ ትከተለኛለች። ድንቹ ሚዛን ላይ ሳይወጣ ‘እማ፣ መጀመሪያ ገምቺ! ስንት ኪሎ ይመስልሻል?’ ትለኛለች። ሻጩ ይስቃል፣ ሰው ይሰበሰባል። ገምቼ ስስት ደግሞ ‘አይዞሽ፣ ግምት አያሳፍርም’ ብላ ታጽናናኛለች። እኔን! የወለድኳትን!»

ሳቅ አፈትልኮ ወጣ። ወዲያው ሁሉም እጁን አፉ ላይ አደረገ።

የአናጢውን ሚስት እትዬ ስንት ያሏት የምታስተምራቸው ልጆች ናቸው። ጥያቄው ከአፏ አይጠፋም ነበር። በብልቃጡ ውስጥ ስንት ባቄላ አለ? ከበሩ እስከ ግንቡ ስንት እርምጃ ነው? መጀመሪያ መገመት፣ ከዚያ መቁጠር። በገመተ አይሳቅም፤ ሕጓ ይኸው ነበር። ትምህርት ቤት ስታስተምር ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አስምራ፣ ቁጥር ጽፋበት፣ ልጆቹን ወደፊት እያስዘለለች መደመር፣ ወደ ኋላ እያስዘለለች መቀነስ ታስተምር ነበር። ርእሰ መምህሩ በሩን ከፍቶ «ሒሳብ ነው ወይስ ሠርግ?» አላት። አንድ ቀን ሥራውን ትታ ቤት መጣችና ባሏን «ሳንቃህን ከጓዳ አውጣልኝ፣ ልጆች ሊመጡ ነው» አለችው።

«ስንት ልጆች?»

«ገምት!»

የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከመጀመሪያዎቹ ነበረች። ትምህርት ቤት በጣቷ በመቁጠሯ ተመትታ ስለነበር ቁጥር በተጠራ ቁጥር እጆቿን ከኋላዋ ትደብቃለች። እትዬ ስንት ጫማዋን አውልቃ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ በእግሯ ጣቶች መቁጠር ጀመረች። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቆይታ እጆቿን አወጣች።

አሁን ያቺው ልጅ አናጢው ፊት ቆማለች።

«ጋሼ፣ ማካፈል አልጨረስንም።»

«አንቺ! ዛሬ የሚወራ ነው?» አለች እናቷ።

«እኔ ሒሳብ አላውቅም፣ የኔ ልጅ» አለ አናጢው። ከእሺ ሌላ ቃል ሲወጣው የመጀመሪያው ነበር።

«ያውቃሉ። የጎደለውን ሳንቃ የቆረጡት እርስዎ አይደሉ?»

ሚስቱ ሁለት እኩል ሳንቃ ጠይቃው ነበር፤ አንዱ ሙሉ፣ ሌላው ለሦስት እኩል የተቆረጠ፣ ልጆቹ ሲሶን በእጃቸው እንዲይዙት። ለካ፣ በእርሳስ አሰመረ፣ በመስመሩ ላይ ቆረጠ። በራሱ ሥራ ቢሆን መጋዝ ባለፈበት ሁሉ ትንሽ እንጨት እንደሚበላ አይዘነጋም፤ ለዚያ ሳያስብ ቆርጦ አያውቅም። ያን ቀን ግን የሚስቱ ተማሪ ሆኖ፣ እኩል ላድርግ ሲል ሙያውን ረሳ። ልጆቹ ሦስቱን ገጣጥመው ከሙሉው ጎን አስተኟቸው። አጠሩ። «ሦስት ሲሶ አንድ አይሞላም!» ብለው ጮኹ።

አናጢው አፍሮ ሊያነሳቸው ሲል ሚስቱ እጁን መታችው። «እንዳትነካ!» ወደ ልጆቹ ዞረች። «የጣልነው ቁራጭ የለም። ታዲያ የጎደለው የት ገባ? ገምቱ።»

የሥራ ቦታውን አተራመሱት። ይህቺ ልጅ እጇን ጨብጣ መጣችና ሚስቱ ፊት ዘረጋችው፤ ሰጋቱራ ነበር።

«መጋዙ በልቶት ነው!»

ሚስቱ እስክታነባ ሳቀች። በማግስቱ በትክክል የተቆረጡ ሲሶዎች ሠራላት። ልጆቹ ግን ሁልጊዜ የጎደሉትን ነበር የሚሻሙት።

«አስታወሱ?» አለች ልጅቷ።

አናጢው አንገቱን ነቀነቀ። ለቀስተኞቹ እንባ ጠበቁ፤ አልመጣም።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው በሩ ላይ ቆመ። የሚስቱ ወንድም እጅጌውን ሰብስቦ ጓዳ ገባ፤ አንዱን አግዳሚ አወጣ፣ ሁለተኛውን አወጣ። አናጢው በረንዳ ላይ ቆሞ ያያል። ሦስተኛው ሲወጣ እግሩ በራሱ ሄደ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እሷ ልጆቹን ወደምታስተምርበት ወደዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም ነበር። ገባና በቀረው አግዳሚ መሀል ተቀመጠ። ለልጅ የተሠራ ስለሆነ ጉልበቱ ደረቱን ነካው።

ሹፌሩ ተመልሶ መጣ። «ተነሣ እንጂ፣ ወንድሜ፣ ይኸኛው ነው የቀረኝ።»

አናጢው አልተነሣም።

«ትናንት እሺ ብለኸኝ የለ?»

«ብያለሁ።»

«እና?»

«አልሰማሁህም ነበር።»

ሹፌሩ የክፍሉን ባዶ ወለል፣ የአማቹን ታጥፎ የተቀመጠ ገላ አየ። ዞሮ ወጣ። የመኪናው በር ሲከፈት፣ አንድ አግዳሚ መሬት ላይ ሲቀመጥ፣ ከዚያም ሌላው ሲቀመጥ ተሰማ።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማለች። ማንም አልጠራትም። አናጢውን አየች፤ አግዳሚውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየች። መሀሉን ይዞታል።

አናጢው በሁለት እጁ አግዳሚውን ተደግፎ ወደ ዳር ጠጋ አለላት።