ቅቤ የጠጣ ማማሰያ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። እኔ ግን መቃብር ድረስ አልጠበቅሁም፤ ስሜን በቁሜ አይቼዋለሁ። ያን ጊዜ ጎፋ ላይ «ንጹሕ የጾም ምግብ የት ይገኛል?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የሰፈሩ ፋብሪካ ሠራተኛም የታክሲው ረዳትም «ውብነሽ ቤት» ይላችሁ ነበር። ከለቡ በሚኒባስ የሚመጡ ግንበኞች ሁሉ ነበሩኝ። ለሽሮዬ መሰላችሁ? ሽሮማ ማንም ይሠራል! ለድስቴ ነው እንጂ።

ቅበላ እሑድ ማታ የፍስኩን ዕቃ አንድ ሳላስቀር አወጣና በአመድ እፈገፍጋለሁ። የነነዌ ሰዎች አመድ ላይ ተቀምጠው ምሕረት አገኙ፤ እኔም ክንዴ እስኪዝል ድረስ አመድ በአመድ እሆናለሁ። ከዚያ የፍስኩ ዕቃ ቆጥ ላይ ይወጣል፣ የጾሙ ድስት ይወርዳል። እንጨት ግን አንዴ ቅቤ ከጠጣ በአመድም አይለቅም። ስለዚህ ለሁዳዴ ማማሰያ በየዓመቱ አዲስ እገዛለሁ። ይህን የማያውቅ ደንበኛ አልነበረኝም፤ ራሴ ነኛ የማወራላቸው!

በ1988 ዓ.ም. ዝማሬን ቀጠርኩ። ከሆሳዕና የመጣች፣ እጇ የተባረከ፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት። ጴንጤ ናት። የፋብሪካው ዘበኛ ጋሽ ላቀው ይህን ሲሰሙ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ውብነሽ፣ የማትጾም ልጅ ጓዳሽ አስገባሽ?»

«ወጥ የምትሠራው በእጇ ነው ጋሽ ላቀው፤ እርስዎ ዝም ብለው ይብሉ!» አልኳቸው።

ዝማሬ ራሷ «እኛም እንጾማለን እኮ እትዬ፣ በቀን መቁጠሪያ አይደለም እንጂ» ስትለኝ፣ «ሂጂ ወዲያ አንቺ!» ብዬ እስቃለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ በልቤ ትንሽ እንቃት ነበር። ስለ ጾም እሷ ምን ታውቃለች እል ነበር።

የሁዳዴ የመጀመሪያው ሰኞ ደረሰ። ዝማሬ ገበያ ሄዳ ስለነበር ረፋዱ ላይ ትልቁን ድስት ሽሮ ብቻዬን ሠርቼ፣ ከድኜ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቅዳሴ ሄድኩ። ሲያልቅ በዘጠኝ ሰዓት እየሮጥኩ ተመለስኩ፤ የቀን ፈረቃ የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነው። ቤቱ ጢም ብሏል። ከማለዳ ጀምሮ ውኃ እንኳ ያልቀመሰ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ባዶ ትሪ ያያል።

«ምነው አልቀረበም?» አልኩ።

ጋሽ ላቀው ተነሡ። «ጠይቂያት! ድስት ሙሉ ሽሮ ቦይ ውስጥ ስትደፋው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ነግሬሽ አልነበረም?»

ዝማሬ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። «እትዬ፣ ሌላ ጥጃለሁ፤ አሁን ይደርሳል» አለች።

«ለምን ደፋሽው?»

ዝም።

«እኮ ለምን?»

መሬት መሬት ታያለች። እኔ ደግሞ በባዶ ሆዴ ስቆጣ አያድርስ ነው። «ጾም የማታውቂ! ይህን ሁሉ የራበው ሰው ልትቀልጂበት ነው? ልብስሽን ሸክፊና ከቤቴ ውጪልኝ!» አልኩ። ሃያ ሰው ፊት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በሁዳዴማ ቅቤውስ ከየት ይመጣል?

እየተንጨረጨርኩ ጓዳ ገባሁ። አዲስ ሽሮ ምድጃው ላይ እየተንተከተከ ነው። ውስጡ ያለው አዲሱ ማማሰያ ነው፤ ተጠቅልሎ የመጣበት ጋዜጣ መሬት ላይ ተጥሏል። አሮጌው ማማሰያ ደግሞ ምድጃው ጥግ ተጋድሟል። አፉ ላይ ሽሮ ደርቆበታል።

ቅዳሜ የቅበላውን ዶሮ ወጥ ያማሰልኩበት ነው። ዕቃውን ሁሉ በአመድ ስፈገፍግ እሱን የተሰቀለበት ምስማር ላይ ረስቼው፣ ጠዋት እጄ እንደ ልማዱ አንሥቶታል። እኔ! ውብነሽ!

«ከገበያ መጥቼ ድስቱን ስከፍተው ውስጡ አገኘሁት» አለች ዝማሬ ከኋላዬ በሹክሹክታ። ልብሷን በፌስታል ሸክፋ ይዛለች።

«ታዲያ ስጠይቅሽ ለምን አትናገሪም?»

«ሰው ፊት?» አለችኝ።

እኔ ያን ሁሉ ሰው ፊት ሳዋርዳት፣ እሷ የእኔን ስም አፏ ውስጥ ይዛ ቆማ ነበር።

አልዋሽም፣ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ማማሰያውን እሳት ውስጥ ብወረውረው ማን ያውቃል? ልጅቷ እንደሆነች አትናገርም። «ጴንጤዋ አበላሸች» ይባላል፣ እሷ ትሄዳለች፣ ስሜ ይተርፋል። እጄ ወደ እሳቱ ሁሉ ተዘርግቶ ነበር። አሁን እኮ ነው «እግዚኦ መሐረነ» እያልኩ ስሰግድ ቆይቼ የመጣሁት! ያን ጊዜ ደሜ ፈላ፤ በራሴ ላይ።

ማማሰያውን አንሥቼ ወጣሁ።

«ስሙኝማ!» አልኩ። «ይህ የዶሮ ወጥ ማማሰያ ነው። ጠዋት ሽሮውን ያማሰልኩበት እኔ ነኝ። ዝማሬ ደርሳበት ደፋችው። ስሰድባት ዝም ያለችው እኔን ላለማሳፈር ነው።»

ከለቡ የሚመጣው አንዱ ግንበኛ ቆቡን አድርጎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፤ አልፈርድበትም።

«አንቺ? ውብነሽ?» አሉ ጋሽ ላቀው።

«አዎ፣ እኔ! ይህች ልጅ ባትኖር እርስዎ በሁዳዴ በመጀመሪያው ቀን ገድፈው ነበር።»

ከዚያ ወደ ዝማሬ ዞርኩ። «ያዋረድኩሽ ሰው ፊት ነው፤ ይቅርታም የምጠይቅሽ ሰው ፊት ነው» ብዬ ጉልበቷን ልይዝ ጎንበስ ስል፣ «ኧረ እትዬ፣ በሞቴ!» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ፌስታሏን ተቀብዬ ጓዳ ወረወርኩት። ለቀረው ሰው ሁሉ ያቀረበችው እሷ ናት። ጋሽ ላቀው አንድም ቃል ሳይተነፍሱ በልተው ሄዱ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነገ ማን ይመጣል? እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ።

በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት መጀመሪያ የመጡት ጋሽ ላቀው ናቸው። አልገቡም፤ ደጃፉ ላይ ቆመው አንገታቸውን ብቻ አስገቡ።

«ዝማሬ አለች?»

«ምን ሊያደርጉላት?» አልኩ።

«አለች ወይ ነው ያልኩሽ!»

«አለች፤ ጓዳ ናት።»

«እንግዲያስ እበላለሁ» ብለው ገብተው ተቀመጡ። ከኋላቸው የነበሩትም ተከትለው ገቡ።

ቀናሁ? ትንሽ። ግን ደረቴ ተነፋ፣ እንባዬም መጣ። ጎፋ በሙሉ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተጣራሁ፦ «ዝማሬ! እንግዶችሽ መጥተዋል!»