ጽዳቱን ያስቆምኩ ቀን

እኔ ስናደድ ዓይኔ አያይም። ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ ራሴ ልናገረው።

ሥራዬ ሰርቨር መከታተል ነው። ቁጭ ብዬ ከጀርባ ምን እየሠራ እንደሆነ፣ የቱ እንደተንቀራፈፈ፣ የቱ እንደቆመ አያለሁ። ከሁሉም የምጠላው ጽዳት የምንለውን ፕሮግራም ነው። በየቀኑ ረፋድ ላይ ይነሳና ሠላሳ ቀን የሞላውን የካሜራ ቅጂ ጠራርጎ ያጠፋል። ማስቆም ይቻላል፤ ግን ያስቆመው ሰው በየአሥር ደቂቃው አንድ ቁልፍ መንካት አለበት። ካልነካ፣ ሰውየው ሄዷል ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

የዚያን ቀን የመጥፋት ተራው የእህቴ ቅጂ ነበር። ታላቄ እዚሁ ሕንፃ ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ባሏ የጥበቃ ኃላፊ። ልክ ከሠላሳ ቀን በፊት ምድር ቤት ኮሪደር ላይ ክንዷን ሰበረው። ከደረጃ ወደቅሁ አለች፤ እኛም አምነን ዝም አልን። ያን ጠዋት ግን መጣችና "በቃኝ፣ እከሰዋለሁ። ካሜራው አይቶታል አይደል?" አለችኝ። ደስታዬን አልደብቅም፣ አለቀስኩ። መርማሪ ሳይኖር ቅጂ ማውጣት ክልክል ስለሆነ እሷ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ እኔ ጽዳቱን አስቆምኩና ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

ከመርማሪው ቀድሞ ባሏ ገባ። የመርማሪው መግቢያ ደብዳቤ በእሱ ጠረጴዛ በኩል ነው የሚያልፈው፤ እኔ ጅሏ ይህን አላሰብኩም። በሩን ከውስጥ ቆለፈው።

"አጥፊው" አለኝ።

"ምኑን?"

በጥፊ አጮለኝ። ሁለተኛው ቡጢ ነበር፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀና ደሙ ኪቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ። ከዚያ ወንበር አንስቶ ስክሪኑን አደቀቀው።

"አሁን ሄዳችሁ ክሰሱ" አለ።

ሳቄ መጣ። ስክሪን ቢሰበር ሰርቨሩ ምን ገዶት? ኪቦርዱ እጄ ሥር ነበር፤ አንዴ ነካ ማድረግ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

ፀጉሬን ጨምድዶ ከጠረጴዛው ጋር አጋጨኝ። "እሷም እንዲህ ስትስቅብኝ ነው የሰበርኳት" አለ።

ምናለ ይቺን ባይናገር። የእሳት ማጥፊያውን ከግድግዳው ነቅዬ ጉልበቱን አልኩት፤ ወደቀ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ትከሻውን፣ ጎኑን፣ ፊቱን የሸፈነበትን እጁን መታሁት። "በልጆቼ፣ ተይኝ" አለ። "እሷስ አልለመነችህም?" እያልኩ ጨመርኩለት። ጣቶቹ ሲሰበሩ ሰማሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አንጀቴ ራሰ።

በሩ ተሰብሮ መርማሪው ሲገባ ክንዴ ዝሎ ነበር። እህቴ ከኋላው፣ በጀሶ የታሰረ እጇን አቅፋ፣ ባሏን ሳይሆን እኔን አየች። "ቅጂውስ?" አለች።

ሌላ ስክሪን ሰካን። ጽዳት፦ ተጠናቋል። ለካ ቁልፉን ሳልነካ ከሩብ ሰዓት በላይ ስደበድበው ቆይቻለሁ።

"ምንም አልቀረም ማለት ነው?" አለ መርማሪው።

"የዛሬው አለ።" የዚህ ክፍል ካሜራ ሁሉንም ይዞታል። እሱ የመታኝ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ የቀረው እኔ ነኝ።

ካቴናውን ሲያጠልቅልኝ እሱን በቃሬዛ አወጡት። እህቴ ቦርሳዋን አንስታ ልትከተለው ስትል "እባክሽ እኔ ቤት ሂጂ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ አለ" አልኳት።

"አንቺ ልትታሰሪ ነው" አለችኝ፣ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ። "እሱ ይድናል። ሲድን የሚመጣው እኔ ጋ ነው።"