አራተኛው ቁልፍ

ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አላት። ታላቅ እህት በምራቋ አርጥባ እንደገና ሞከረች። ሃያ ዓመት ልብስ ስትሰፋ ክር እንዲህ አስቸግሯት አያውቅም።

ጭኗ ላይ ሟች ታናሽ እህቷ ለልጇ ጀምራ የተወችው የሕፃን ሸሚዝ አለ። ሦስት ቁልፍ ተሰፍቶለታል፤ አራተኛው ቀርቷል። ልጁ ገና አምስት ሳምንቱ ነው፤ እናቱ ራሷን ካጠፋች ደግሞ ዛሬ ሦስተኛ ቀን። ታላቅ እህት ድንጋጤው እንባዋን ቀድሞባት እስካሁን አላለቀሰችም።

በመጋረጃው ማዶ ለቀስተኞች ይንሾካሾካሉ።

«ምን ጎደላት? ቤቷ እንደ መስታወት፣ ልጇ እንደ አበባ።»

«አራስ ሆና እንኳ ያልታጠበ ሳህን አይቼባት አላውቅም። እኔ የመጀመሪያዬን ስወልድ ፀጉሬን ማበጠር ረስቼ ነበር።»

«እስካሁንም አላስታወስሽው።»

ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ደንግጠው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ታላቅ እህት የሸሚዙን ኮሌታ በጣቷ ዳሰሰች። ጨርቁ በመርፌ ቀዳዳ ተበሳስቷል። ቢያንስ አምስቴ ተሰፍቶ፣ አምስቴ ተፈትቷል።

መፍታቱን ያስለመደቻት ታላቅ እህት ራሷ ናት። ትንሿ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሱቋ መጥታ ስፌት ስትማር፣ ታላቋ ጠርዙን ወደ ብርሃን አንስታ ታይና «ፍቺው» ትላለች። ሌላ ቃል የላትም። ትንሿም ትፈታለች። ኋላ ላይ ደንበኛው «ኧረ ቆንጆ ነው» እያለ እንኳ ትንሿ ራሷን «ፍቺው» ማለት ጀመረች። ታላቋ ኮራችባት።

ባለፈው ሐሙስ ትንሿ ስልክ ደወለች። ታላቋ የአንዲት ሙሽራ ወገብ እየለካች ነበር፤ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ አነጋገረቻት።

«እትዬ፣ እናትነቱን አልቻልኩበትም።»

«አንቺ ያልቻልሽውን ማን ይችለዋል? ጎበዝ አይደለሽ እንዴ!»

ትንሿ «እሺ» አለች።

መጋረጃው ተገለጠ። የሟቿ ባል ነው፤ ልጁ ትከሻው ላይ ተኝቷል።

«እትዬ፣ ላንቺ የነገረችሽ ነገር አልነበረም?»

«የለም» ብትል ማንም አያውቅባትም። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው።

«ነበር። አልቻልኩበትም አለችኝ። ጎበዝ ነሽ ብዬ ዘጋሁት።»

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ በየቀኑ ነበር ጎበዝ ነሽ የምላት» አለ። «ጠዋት ስወጣ፣ ማታ ስገባ። ደስ የሚላት መስሎኝ።»

ልጁ በእንቅልፉ አፉን አላመጠ።

ታላቅ እህት መርፌውን አንስታ አራተኛውን ቁልፍ ሰፋች። ስትጨርስ አየችው፤ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ግራ አዘንብሏል። እጇ ሳታዘው ወደ መቀሱ ሄደ።

መቀሱን ሳታነሳ እጇን መለሰች። ክሩን ቋጥራ በጥርሷ በጠሰችና ሸሚዙን አጣጥፋ ከሌሎቹ የልጁ ልብሶች ላይ አኖረችው።