በስምንት ዓመት የዘገየ ፎቶግራፍ

የሐሴት እናት የውብዳር ዓይኗ ሳይጠፋ የሟች ባሏን የታመነን ፊት አንድ ጊዜ ማየት ፈለገች። ሐኪሙ ግላኮማው ከዓመት በላይ እንደማይታገሣት ነግሯታል። የታመነን ፎቶዎች ደግሞ ናይሮቢ ካሳራኒ ሰፈር ያለው ቤታቸው የገባው ጎርፍ ጠራርጎ ወስዷቸዋል። የቀረው ተስፋ አንድ ነበር፤ ታመነ በሞተበት ዓመት ናይሮቢን ለጎበኙ አንድ የቀድሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አስተርጉሞ ነበር።

ሐሴት ከተማ መሀል ባለ ቤተ መጻሕፍት ወደሚሠራው ወደ ሙስዓብ ሄደች። ከአዲስ አበባ ከመጣ ዓመት አልሞላውም።

«የእኚህ ሰውዬ ወረቀት ሁሉ አሜሪካ በስማቸው በተከፈተ ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው» አላት። «ከሥልጣን ወርደው የተጓዙበት ፎቶ እንኳ ተቀምጧል። ቦታና ዓመት ብቻ ስጪኝ፤ እኔ እጽፍላቸዋለሁ። አባቴን ፈልጉልኝ ብለሽ ከጻፍሽላቸው ተያይዘው ያለቅሳሉ!»

«አንተ ደግሞ! እማ በሁለት ሺህ ነው ብላለች።»

ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋ ትታለት ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት መልሱ በኢሜል መጣ፤ አንድ ፎቶ። ፕሬዚዳንቱ በአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ የተማሪዎችን እጅ ይጨብጣሉ። ከሰልፉ መጨረሻ፣ ቡናማ ኮት የለበሰ ቀጭን ሰው እጁን በአንዲት ተማሪ ትከሻ ላይ አሳርፏል። ሐሴት መጀመሪያ ያወቀችው ዩኒፎርሙን ነው። ቀጥላ የተፈታውን ሹሩባ። ልጅቷ ራሷ ነበረች፣ በአሥራ አራት ዓመቷ።

አባቷ ሲሞት ስድስት ዓመቷ ነበር።

ለሙስዓብ ደወለች። «ስንት ብለህ ነው የጻፍከው?»

«2008። እናትሽ የሚቆጥሩት በእኛ አይደል? ስምንት ጨመርኩበት።»

«እማ እዚህ ከመጣች ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ በእኛ መቁጠር ከተወች ቆይታለች።»

«ውይ! ይቅርታ፣ እንደገና እጽፍላቸዋለሁ። አባትሽ ታዲያ የሉበትም?»

ስልኩን ዘጋችው። ፕሬዚዳንቱ ወደ ትምህርት ቤታቸው የመጡበትን ያን ቀን ደህና አድርጋ ታስታውሰዋለች። ፀሐዩ ከርሮ ነበር፤ የሰልፉ የመጨረሻዋ እሷ ነበረች፤ ከኋላዋ ግንብ እንጂ ሰው አልነበረም።

ማታ እናቷ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው።

«ታመንዬ» አለች በመጨረሻ። «ኮቱን አየሽው? እሱን አልብሰን ነው የቀበርነው። ትንሽ እንኳ አልተለወጠም እኮ።»

«አልተለወጠም፣ እማ።»

«ይቺ የያዛት ልጅ የማን ናት?»

ሐሴት ዓመቱን ልትነግራት አፏን ከፈተች። እናቷ ግን ሳቅ እያለች በአውራ ጣቷ ጉንጩን ትደባብሰው ነበር።

«እንጃ» አለች ሐሴት። «አንዷ ተማሪ ትሆናለች።»

«ፈርታለች መሰለኝ። አይዞሽ እያላት ነው፤ አውቀዋለሁ።»

ሐሴት የስልኩን ብርሃን ጨመረችላት። እናቷ አይታ እስክትጠግብ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ወደ ኋላዋ ግን አልዞረችም።